ቡናና አቦል፦ የአንድ ፀሐይ መሰል ኮከብና የዙሪያ ተጓዡ ዳሰሳ

አንድሮሜዳ በሚባለው የሰሜን ሰማይ የኮከብ ስብስብ ውስጥ ያለውና በሥነ ፈለክ መዝገብ ኤችዲ 16175 ተብሎ የተመዘገበው ኮከብ ከታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና የሚል ይፋዊ መጠሪያ ያለው ሲሆን፣ በዙሪያው እንደሚዞር የታወቀው ፕላኔትም አቦል ይባላል። ይህ ዳሰሳ ስለ ሁለቱ እስካሁን የታወቀውን አሰባስቦ ሦስት ነገሮችን ይመረምራል፤ ኮከቡ ለፀሐይ ምን ያህል ይቀርባል፣ ምን ያህልስ ይመስላታል? ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቀው አቦል መኖሩ በምን ታወቀ? ለመጀመሪያው ስኒ የወጣ ስም ለአንድ ሩቅ ፕላኔት ሲሰጥስ ስለ ፕላኔቱ የሚናገረው ነገር አለ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ ቢመስልም ከሦስቱ ብዙ የሚያስተምረው እርሱ ነው።

ከመዝገቡ መጀመር ይገባል። ኤችዲ የሚሉት ሁለት ፊደላት ሄንሪ ድሬፐር የተባለውን አሜሪካዊ ሐኪምና የሰማይ አጥኚ የሚያስታውሱ ናቸው፤ ድሬፐር ከሞተ በኋላ ባለቤቱ በሰጠችው ገንዘብ የሃርቫርድ ታዛቢዎች 225,300 ከዋክብትን እንደየብርሃናቸው ጠባይ መድበው እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1924 ባለው ጊዜ አሳተሙ። በዚህ ግዙፍ ዝርዝር 16175ኛ መሆን ተራ ከመያዝ የተለየ ትርጉም የለውም። ኮከቡ በዓይን ብቻ የማይታይ በመሆኑም የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት፣ የቦረና ዘመን ቆጣሪ አያንቱዎች ወይም የዐረብ መርከበኞች ስም ሊያወጡለት አይችሉም ነበር፤ ስለዚህ ቡና የሚለው ስም የማንንም ጥንታዊ ስም ሳይገፋ ባዶ ቦታ ላይ ያረፈ ነው።

ስያሜው የመጣው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ሲያከብር ባካሄደው ዘመቻ ነው። ለየአገሩ ከዚያው አገር ሆኖ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሊታይ የሚችል አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔቱ ተመደቡ፤ 112 አገሮች ብሔራዊ ውድድር አካሄዱ፤ ከ780,000 የሚበልጡ ሰዎች ተሳተፉ። ቡርኪና ፋሶ የወንዞቿን ስሞች ሙሁንንና ናካምቤን ወደ ሰማይ ስትልክ፣ ዮርዳኖስ ጴጥራንና ዋዲ ረምን መረጠች፤ ኢትዮጵያ ቡናን አቀረበች። ውጤቱ ይፋ በሆነ በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 10፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይና ተወነጨፈች፤ የሳተላይቷ ዜና የኮከቡን ዜና እንደዋጠው መገመት አያዳግትም።

ቡና የሚለው ቃል በአማርኛም በኦሮምኛም አንድ ነው፤ በካፊኖኖ ቡኖ ይባላል፤ ዐረቦች ፍሬውን ቡን ይሉታል። ዓረቢካ የሚባለው የቡና ዝርያ ጫካው ውስጥ ራሱን ችሎ የሚበቅለው በተለይ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሆን፣ ከዚህ ምድር መሀል የሸካ ዞን ዋና ከተማ ማሻ ትገኛለች። እርግጥ ማሻ ራሷ ደጋማና ዝናባማ ስለሆነች የምትታወቀው ይበልጥ በእንሰት፣ በቀርከሃና በማር ነው፤ ቡናው የሚበዛው ወደ ቴፒና ወደ ሚዛን ተፈሪ ሲወረድ ነው። ከዚህ አካባቢ የወጣ ስም ዓለምን ሲዞር ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከጌሻ ጫካ የተወሰደው ዘር ምሥራቅ አፍሪካንና ኮስታሪካን አቋርጦ ፓናማ ከደረሰ በኋላ በ2004 በዓለም ገበያ ስሙ ገኖ፣ አጠራሩ ግን በመንገድ ተበላሽቶ ከጃፓን አጫዋች ሴቶች መጠሪያ ጋር እስከ መምታታት ደርሷል። ቡናና አቦል በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ ፊደላቸው በዓለም አቀፍ መዝገብ ተቆልፏል።

አቦል ከዐረብኛው አወል፣ ማለትም ከ«መጀመሪያ» የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ጀበናው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈልቶ ሲሰክን የሚቀዳው ወፍራሙና ጠቋራው አቦል ነው፤ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚፈላው ቶና ቀጠን ይላል፤ በረካ ደግሞ ከመጠጥነቱ ይልቅ ምርቃትነቱ ያመዝናል። ይህ ቅደም ተከተል ለፕላኔት ስያሜ በአጋጣሚ ልክ ሆኖ የተገኘ ይመስላል። በሥነ ፈለክ ደንብ በአንድ ኮከብ ዙሪያ የሚገኙ ፕላኔቶች የሚለዩት በላቲን ንዑሳን ፊደላት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፊደል ለኮከቡ ስለሚተው ቀድሞ የተገኘው ፕላኔት ሁለተኛውን ፊደል «ቢ»ን ይወስዳል፤ ተራው የሚሰጠውም ለኮከቡ በመቅረብ ሳይሆን በመገኘት ቅደም ተከተል ነው። ስኒውም እንዲሁ ነው፤ አቦል አቦል የሚሆነው ቀድሞ በመቀዳቱ ነው።

ኮከቡን ከማሻ ለማየት የሚቻልበት ወቅት የቡና ለቀማ ወቅት መሆኑም ደስ የሚል ግጥጥሞሽ ነው። በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚወርድበት በዚህ ደጋ ሰማዩ ክረምቱን በሙሉ የተሸፈነ ሲሆን፣ ሲገለጥ ኅዳርና ታኅሣሥ ይደርሳሉ። በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሰው ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ሲመለከት፣ ሁለት ደማቅ ከዋክብት በ12 ዲግሪ ያህል ተራርቀው ያያል፤ ይህም እጅን ዘርግቶ ሲለኩት ከአንድ ጭብጥ ትንሽ የሚበልጥ ስፋት ነው። የምዕራቡ ኮከብ አልማክ፣ የምሥራቁ አልጎል ይባላል። ቡና ያለው ከሁለቱ እኩሌታ ላይ ነው። ብርሃኑ የሰው ዓይን ሊለየው ከሚችለው የመጨረሻ ደካማ ኮከብ በሦስት እጥፍ ገደማ ያንሳልና ያለ መሣሪያ አይታይም፤ ተራ ባይኖኩላር ግን ይበቃዋል። በባይኖኩላሩ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ኤም 34 የተባለው የተበተነ የከዋክብት መንጋ ነው፤ ቡና ከእርሱ በአንድ ዲግሪ ከጥቂት፣ ማለትም ጨረቃን ሁለቴ ከጥቂት ጎን ለጎን ቢደረድሯት በምትይዘው ስፋት ርቆ፣ በዚያው የመስታወት ክብ ውስጥ ካሉት ነጥቦች አንዱ ሆኖ ይታያል። አብረው ይታዩ እንጂ ጎረቤታሞች አይደሉም፤ መንጋው ከቡና ብዙ እጥፍ የሚርቅ የጀርባ ሥዕል ነው።

በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት፤ አልማክ እግሯ ላይ ያለ ኮከብ ሲሆን፣ አልጎል ደግሞ አዳኟ ፐርሲየስ በእጁ ያንጠለጠለው የጭራቂቱ ራስ ነው፤ ስሙም ከዐረብኛ «የጭራቅ ራስ» የመጣ ነው። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ የዛሬዋን አገር ለይተው ስላልነበር፣ በተረቱ መኩራት ከልክ ሊያልፍ አይገባም፤ ሆኖም የኢትዮጵያ መጠጥ ስም በኢትዮጵያዊቷ ልዕልት እግርና በጭራቂቱ ራስ መካከል መገኘቱን ሳያነሡ ማለፍ ለማንም አማርኛ ጸሐፊ ከባድ ነው።

ቡና ቅርብ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በሚመዘንበት ሚዛን ይወሰናል። ርቀቱ 196 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ የብርሃን ዓመት ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በአንድ ዓመት የሚያካልለው መንገድ፣ ማለትም 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ያለችው ፀሐይ መሰል ጎረቤት አልፋ ሴንታውሪ በ4.4 የብርሃን ዓመት ላይ ስለምትገኝ ከእርሷ አንጻር ቡና ሩቅ ነው፤ 100,000 የብርሃን ዓመት ስፋት አለው ከሚባለው የከዋክብት ጉባኤያችን አንጻር ግን የአጥር ጎረቤት ነው። ከሰው ሥራ ሁሉ ርቆ የሄደው ቮያጀር 1 በዛሬው ፍጥነቱ፣ በሰከንድ በ17 ኪሎ ሜትር፣ ወደዚያ ቢያቀና ወደ 3.5 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ስያሜው በታወጀበት ምሽት መሬት የደረሰው የቡና ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው በ1816 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ያኔ ሰሜኑ በዘመነ መሳፍንት ሲታመስ፣ ሸካ በራሱ ንጉሥ ይተዳደር ነበር።

ፀሐይ መሰልነቱም እንዲሁ በመጠን የሚነገር ነው። የከዋክብት ምደባ በገጽ ሙቀት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ፀሐይ ያለችበት ቢጫማ ምድብ በላቲኑ ፊደል «ጂ» ይታወቃል፤ ቡናም ከዚሁ ምድብ ሞቃት ጠርዝ ላይ ይገኛል። የገጹ ሙቀት 6,000 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ከፀሐይ በ200 ያህል ብቻ ይበልጣል። በመጠነ ቁስ ማለትም በያዘው የቁስ ብዛት ፀሐይን በሲሶ ገደማ፣ በጎን ስፋት በ1.7 እጥፍ፣ በሚረጨው ብርሃን በሦስት እጥፍ ይበልጣታል። በመጠነ ቁስ የሚበልጠው ከልደቱ ሲሆን፣ በስፋትና በብርሃን ያለውን ልዩነት በከፊል ያመጣው የዕድሜ ደረጃው ነው፤ ከዋክብት በመሀላቸው ያለውን ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም እየለወጡ ኖረው ነዳጁ ሲሳሳ መለጠጥ ይጀምራሉ፤ በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ያለ ኮከብ ንዑስ ግዙፍ ይባላል። ቡና እዚያ ደርሷል። በአጭሩ ፀሐይን የሚመስለው ታላቅ ወንድም ታናሹን በሚመስልበት መንገድ ነው፤ ፀሐይም ቀስ በቀስ ወደዚያው ደረጃ ትሄዳለች።

ከዕድሜ ጋር የማይያያዝ ሌላም ነገር አለ። በቡና ውስጥ ያለው የብረት መጠን ከፀሐይ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም በቀር ያሉትን ንጥረ ነገሮች ሁሉ «ብረታ ብረት» እያሉ ይጠራሉ፤ ለኬሚስት ጆሮ የሚቆረቁር ልማድ ነው። ኮከብ ከጋዝና ከአቧራ ደመና ሲወለድ በዙሪያው የሚቀረው ዝርግ ሰሐን የፕላኔቶች ማሕፀን ስለሆነ፣ ደመናው በብረታ ብረት የከበረ ከሆነ አቧራው ይበዛል፤ አቧራው ሲበዛ ጠጣር እምብርት ቶሎ ይገነባል፤ እምብርቱ ጋዙ ሳይበተን ከደረሰ ደግሞ ጋዙን ስቦ ግዙፍ ይሆናል። በብረት በበለጸጉ ከዋክብት ዙሪያ ግዙፍ ፕላኔቶች በብዛት መገኘታቸው በተደጋጋሚ የታየ ነው፤ ቡናም ከዚህ ሕግ አልወጣም።

የአቦል መገኘት የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ልኬቱ የተሠራው ካሊፎርኒያ በሚገኘው በሊክ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ ነው። ፕላኔቱን ያየው የለም፤ የታየው የኮከቡ መወዛወዝ ነው። ፕላኔት ኮከብን ይዞራል ሲባል ሁለቱም የሚዞሩት በመካከላቸው ያለውን የጋራ የክብደት ማዕከል ነው፤ ግዙፉ በጠባብ ክብ፣ ትንሹ በሰፊ። በቡናና በአቦል ዘንድ ይህ ማዕከል ከኮከቡ እምብርት በአማካይ 1.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ልክ ኮከቡ ገጽ አካባቢ ያርፋል። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ የብርሃኑ ሞገዶች ይጠጋጋሉ፣ ሲርቅ ይሳባሉ፤ ይህ ዶፕለር የተባለው ክስተት ነው፤ የሚያልፍ አምቡላንስ ድምፁ ሲቀርብ የሚቀጥነው፣ ሲርቅ የሚወፍረው በዚሁ ሕግ ነው። ስፔክትሮግራፍ የተባለው መሣሪያ ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ቦታ ይለካል፤ እያንዳንዱ መስመር በኮከቡ ከባቢ ያለ አንድ ንጥረ ነገር ፊርማ ነው። የቡና መስመሮች ወዲያና ወዲህ የሚሸሹት በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። ይህ ፈጣን ሯጭ መቶ ሜትር ከሚሮጥበት ፍጥነት አሥር እጥፍ ገደማ ቢሆንም ከብርሃን ፍጥነት ሦስት ሚሊዮንኛ ብቻ ስለሆነ፣ መስመሩም የሚነቃነቀው ከሞገድ ርዝመቱ በሦስት ሚሊዮንኛ ነው። ከ196 የብርሃን ዓመት ርቀት እንዲህ ያለ ንቅናቄ መያዙ ከማንኛውም ውብ የኅዋ ፎቶግራፍ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው የእጅ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በደቡብ ፈረንሳይ የኦት ፕሮቫንስ ጣቢያ በተሠሩ ልኬቶች አኃዞቹ ተስተካከሉ። የአቦል አንድ ዓመት 995 ቀናት ገደማ፣ ማለትም ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። መጠነ ቁሱ ከጁፒተር አምስት እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ ጁፒተር ራሱ 318 መሬቶችን ያህላል። ግን ይህ አኃዝ ዝቅተኛው ግምት ነው፤ ስፔክትሮግራፍ የሚለካው ኮከቡ ወደ እኛና ከእኛ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ፣ የምሕዋሩ ዝርግ ገጽ ለእኛ ያዘነበለ ከሆነ የፕላኔቱ እውነተኛ ክብደት ከዚህ በላይ ይሆናል። በታተሙ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ይህ «ቢያንስ» የሚለው ቃል መውደቁ የሚያሳዝን ነው፤ አንባቢው የተመዘነ ነገር የተነገረው ይመስለዋል።

የአቦል ትልቁ ልዩ ጠባይ የምሕዋሩ ቅርጽ ነው። የመሬት ምሕዋር ክብ ለመሆን ጥቂት የሚቀረው ሲሆን፣ የአቦል ግን እንደ እንቁላል የተለጠጠ ነው። መሬት ከፀሐይ ያላት ርቀት፣ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ እንደ አንድ ቢቆጠር አቦል ወደ ኮከቡ ሲቀርብ 0.8 ላይ ይደርስና ሲርቅ 3.5 ይሆናል። በእኛ ሰፈር ቢሆን በአንድ ዙር ከቬኑስ ጎረቤት ተነሥቶ ከማርስ ወዲያ ካለው የአለት ቀበቶ ውጫዊ ጠርዝ ደርሶ ይመለስ ነበር። በዚህ ምክንያት በቅርቡና በሩቁ ጫፍ የሚያገኘው ብርሃን ሀያ እጥፍ ይለያያል፤ የመሬት ወቅቶች የሚመጡት ከዘንጓ ዘመም ማለት ሲሆን የአቦል በጋና ክረምት ግን ከርቀቱ የሚመነጭ ነው። ከዚህም የሚገኝ አንድ መደምደሚያ አለ፤ በቡና ዙሪያ ውሃ ሳይተንና ሳይረጋ ሊቆይ የሚችልበት ቀጠና ኮከቡ ከፀሐይ ስለሚደምቅ ከ1.7 እስከ 3 ገደማ ባለው ርቀት የሚገኝ ሲሆን፣ አቦል በየዙሩ ሁለት ጊዜ ያቋርጠዋል። በዚያ ቀጠና ትንሽ ፕላኔት ተወልዶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ግዙፍ መንገደኛ ወይ ወደ ኮከቡ ወይ ወደ ውጭ አሽቀንጥሮ ይወረውረው ነበር። በሌሎች ፀሐዮች ዙሪያ ሕይወትን የሚሹ ሰዎች ስለዚህ ወደ ቡና አይመጡም።

የስሙ ጉዳይ እንደገና የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አቦል የተባለው ስኒ ከሦስቱ ቀድሞ የሚቀዳ ብቻ ሳይሆን ከሦስቱ የበረታ ነው፤ ጀበናውን በአቦል ብቻ የሚፈርድ እንግዳ ስለ ቶናና ስለ በረካ ምንም አያውቅም። የፕላኔት ፍለጋም ታሪክ እንዲሁ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ በዚያው የፈረንሳይ ጣቢያ ፀሐይ መሰል ኮከብን የሚዞር የመጀመሪያውን ፕላኔት ሲያገኙ፣ ያገኙት ኮከቡን በአራት ቀን ከሩብ ገደማ የሚዞር ግማሽ ጁፒተር ነበር፤ ለዚህም በ2019 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ጁፒተር ፀሐይን በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ሲያወዛውዛት መሬት 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለምታወዛውዛት፣ በዚህ ዘዴ መጀመሪያ የሚያዙት ሁልጊዜ ከባዶቹና ጉልበተኞቹ ናቸው። ስለዚህ የአቦልን ክብደትና የምሕዋሩን መለጠጥ አይቶ ዓለማት በጠቅላላ እንዲህ ናቸው ማለት ስህተት ነው፤ የመረቡ ቀዳዳ ሰፊ በመሆኑ የተያዘው ትልቁ ዓሣ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል ያለው ድርሻ እስካሁን ስም ማውጣት ነው፤ ልኬቱ የካሊፎርኒያና የፈረንሳይ ነው። ይህን እንደ ነቀፋ ብቻ ማየት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. በበጎ ፈቃደኞች የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ባደረገው ግፊት 3,200 ሜትር ከፍታ ባለው የእንጦጦ ተራራ ላይ የአንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ጀምረዋል። የቡና ብርሃን ለአንድ ሜትር መስታወት አያንስም። የሚቸግረው ሌላ ነው፤ በሰከንድ 100 ሜትርን ከስህተት ለመለየት ስፔክትሮግራፉ ለዓመታት ሙቀቱ ሳይዋዥቅ መቀመጥ አለበት፤ አንድ ዙር 995 ቀን የሚፈጅን ፕላኔት ለመከተል ደግሞ ከአንድ የምርምር በጀት ወይም ከአንድ ተማሪ የማስተርስ ዘመን የረዘመ ትዕግሥት ያሻል፤ ሦስት ወር ያህል የሚዘንበው የእንጦጦ ክረምትና ከበታች የሚያበራው የአዲስ አበባ መብራትም የየራሳቸውን ይወስዳሉ። የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለወደፊት ጣቢያ የተጠኑት በከፊል ከዚህ መብራት ለመሸሽ ነው።

በሚቀጥሉት ዓመታት የአቦልን እውነተኛ ክብደት ይለያል ተብሎ የሚጠበቀው ሌላ መንገድ ነው። የአውሮፓ ኅዋ ድርጅት ጋያ የተባለች መንኮራኩር እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. ከአሥር ዓመት በላይ የከዋክብትን ቦታ ስትለካ ቆይታለች፤ የምትለካው ወደ እኛ መምጣታቸውን ሳይሆን ሰማይ ላይ ወደ ጎን መንሸራተታቸውን ነው። ሁለቱ ልኬቶች ሲጣመሩ የምሕዋሩ ዝንባሌ ይታወቃል፤ ዝንባሌው ከታወቀ «ቢያንስ» የሚለው ቃል ይነሣል። ቡና በአቦል ስበት ወደ ጎን የሚሸሸው ከዲግሪ ሠላሳ ሚሊዮንኛ ገደማ ቢሆንም ለጋያ ከአቅም በላይ አይደለም። ከስያሜው ደንብ አንዱ ወደፊት ለሚገኙ ተጨማሪ ፕላኔቶች በዚያው መስመር ስም እንዲገኝ ያዛል፤ ኢትዮጵያ በዚህ በኩል ሳትቸገር ሁለት ስም በእጇ ይዛለች። አቦል እ.ኤ.አ. በ2009 ከተነገረለት ጀምሮ ስሙ እስከ ወጣለት ቀን ድረስ ሦስት ዙር ጨርሶ አራተኛውን ጀምሮ ነበር፤ ቶና ግን እስካሁን አልተቀዳም።